ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ናሽቪል፣ ቴነሲ፤ ጠዋት ነው። ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አንዷ ቡናዋን ይዛለች፣ ሌላዋን ገና እንቅልፍ አልለቀቃትም። ከመካከላቸው አንዲቱ ክብሪት ጭራ ሻማ ታበራለች። ሻማው የሚበራው እዚያ ለተቀመጡት አይደለም። እስካሁን ጎዳና ላይ ላለችው፣ ወደ ቤት የሚመልሳትን መንገድ ለምትፈልገው ሴት ነው። ከዚያ ጥቂት ይነበባል፤ ተራ በተራ ይናገራሉ፤ መናገር ያልፈለገች ዝም ትላለች። ክቡ ሲበተን ወደየሥራቸው ይሄዳሉ፤ ዘይት የምትቀላቅል አለች፣ ሰም የምታፈስ አለች፣ ዕቃ የምታሽግ አለች።

ቦታው ቲስል ፋርምስ ይባላል፤ የአሜከላ እርሻ እንደ ማለት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ አንድ መኖሪያ ቤት ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የገቡት አምስት ሴቶች ነበሩ። በአደንዛዥ ዕፅና በመጠጥ ሱስ የተያዙ፣ ገላቸውን እየሸጡ ወይም ሌላ ሰው እየሸጣቸው የኖሩ፣ ጎዳናውንም እስር ቤቱንም የሚያውቁ ሴቶች። ቤቱ ማግዳሊን ተባለ። የከፈቱት ቤካ ስቲቨንስ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው፤ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለው የቅዱስ አውግስጢኖስ ጸሎት ቤት ያገለግሉ ነበር። ለሴቶቹ የቀረበው ነገር በወረቀት ሲጻፍ ቀላል ነው፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ክፍያ የሚኖሩበት ቤት፣ ሕክምና፣ ምክር፣ ትምህርት። አብሯቸው የሚያድር ተቆጣጣሪ ግን የለም። ማታ በሩን ዘግተው የሚተኙት እነርሱ ናቸው፤ ቁልፉም የተሰጠው ለእነርሱ ነው።

እኔ በዚህ ጽሑፍ መከተል የምፈልገው ያንን ቁልፍ ነው። በሃይማኖት ሰዎች የተቋቋመ የሴቶች ማገገሚያ ቤት ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ብዙ በጎ ሥራ ተሠርቶበታል፣ ብዙ ግፍም ተፈጽሞበታል። በጎውን ከግፉ የለየው ደግሞ የጸሎቱ ብዛት ወይም የበጎ አድራጊዎቹ ቅንነት አይመስለኝም። በሩ የሚቆለፈው ከየት በኩል ነበር የሚለው ነው።

ከስሙ እንጀምር። ማግዳሊን ማለት መግደላዊት ማለት ነው። መግደላዊት ማርያም በወንጌሉ ጌታ ሰባት አጋንንት ያወጣላት፣ በትንሣኤ ማለዳ ወደ መቃብሩ የገሠገሠች፣ የምሥራቹን ለሐዋርያት ያደረሰች ሴት ናት። አመንዝራ ነበረች የሚል ቃል በወንጌሉ የለም። በምዕራቡ ዓለም ግን ታላቁ ጎርጎርዮስ የተባሉት የሮም ጳጳስ በ591 በሰጡት ስብከት እርሷን፣ የቢታንያዋን ማርያምንና በስምዖን ቤት የጌታን እግር በእንባዋ ያጠበችውን ኃጢአተኛ ሴት አንድ ሰው አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት ያህል የአውሮፓ ሠዓሊ መግደላዊትን የሚስለው ፀጉሯን ነስንሳ ስታለቅስ ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያን የበዓላት አቆጣጠሯን በ1969 ስታሻሽል ይህን መደባለቅ ተወችው፤ በዚያ ጊዜ ግን ስሙ በብዙ ሕንፃ በር ላይ ተለጥፎ ቆይቷል።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን መግደላዊትንና ኃጢአተኛዋን ሴት አላደባለቀችም። የጌታን እግር ሽቱ የቀባችው ይህች ሴት በስንክሳራችን ማርያም እንተ ዕፍረት ትባላለች፤ መታሰቢያዋ የካቲት 6 ነው። ዕፍረት በግእዝ ሽቱ፣ ቅባት ማለት ነው። ግእዝ ያልተማረ አማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙን ሲሰማ የሚመጣበት ኀፍረት ነው። ልጅ ሆኜ የሰማሁት እንደዚያ ነበር፤ ‘ያፈረችው ማርያም’ እየመሰለኝ አደግሁ። የሽቱዋ ማርያም መሆኗን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ይህን ያነሳሁት የናሽቪሉ ቤት ታሪክ ከእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ስለሚያልፍ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በመግደላዊት ስም የተጠራ ቤት ለንደን ውስጥ በነሐሴ 1758 ተከፈተ። ሮበርት ዲንግሌይ የተባሉ የሐር ነጋዴና ጆናስ ሃንዌይ የተባሉ በጎ አድራጊ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው ‘ንስሐ ለገቡ ሴተኛ አዳሪዎች’ ብለው አቋቋሙት። ሴቶቹ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሱ፣ ልብስ ይሰፉ፣ ይጸልዩ ነበር። እሑድ እሑድ የከተማው ባለጸጎች ሲዘምሩ ለመስማት በሠረገላ ይመጡ ነበር። ንስሐቸው ትርኢት ሆነ ማለት ነው። ሐሳቡ ግን ተስፋፋ፤ በ1767 ሌዲ አራቤላ ዴኒ በደብሊን ተመሳሳይ ቤት ከፈቱ፣ በ1800 ደግሞ በፊላዴልፊያ የመግደላዊት ማኅበር ተቋቋመ። እነዚህ ቀደምት ቤቶች ጎዳና ላይ በረሃብና በበሽታ ለምታልቅ ሴት መጠለያ ሰጥተዋል፤ ሌላ የሚቀበላት አልነበረምና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን አንድ የተሳሳተ ነገር በመሠረቱ ገብቷል፦ ሴቲቱን የሚያዩዋት እንደ ተጎዳች ሳይሆን እንደ በዳይ ነው። በዳይ ደግሞ ዕዳዋን መክፈል አለባት።

ያ ዕዳ አየርላንድ ውስጥ በልብስ አጠባ ተከፈለ። አገሪቱ ነፃነቷን ካገኘች ከ1922 በኋላ አራት የመነኮሳት ማኅበራት አሥር የመግደላዊት ልብስ ማጠቢያዎችን ያስተዳድሩ ነበር። የገቡት ሴቶች አብዛኞቹ ሴተኛ አዳሪዎች እንኳ አልነበሩም። ያለ ጋብቻ ያረገዘች፣ ወላጅ የሌላት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት፣ በዘመዷ የተደፈረች ልጅ ትገባ ነበር። ስማቸው ይቀየራል፤ በጥምቀት ስማቸው ፈንታ የቅዱሳት ስም ይሰጣቸዋል። የሆቴል አንሶላ፣ የሆስፒታል ልብስ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፎጣ ያለ ደመወዝ ያጥባሉ። በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ያመለጠችን ፖሊስ ይዞ የሚመልስበት ጊዜ ነበር። በ2013 የወጣው የመንግሥት አጣሪ ኮሚቴ ሪፖርት እስከ 1996 ድረስ ቢያንስ 10,000 ሴቶች እንደገቡ አስፍሯል፤ ከአራት አንዷ ገደማ የገባችው በመንግሥት እጅ እንደነበረም አምኗል።

ታሪኩ የፈነዳው ግን በሪፖርት አይደለም፤ በመቃብር ነው። በ1993 በደብሊን ሃይ ፓርክ የሚባለው ገዳም መሬቱን ለገንቢ ሲሸጥ እዚያ የተቀበሩትን ሴቶች ዓፅም ማንሳት አስፈለገ። ፈቃድ የተጠየቀው ለ133 ሰዎች ነበር። ሲቆፈር ተጨማሪ 22 ተገኙ፤ በድምሩ 155። የብዙዎቹ ሞት አልተመዘገበም ነበር፤ አንዳንዶቹ የሚታወቁት በተሰጣቸው የቅዱሳት ስም ብቻ ነው። አንድ ሰው ስሙን ሳይዝ መቀበሩ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ካህኑ በፍትሐቱ የክርስትና ስም የሚጠራበት አገር ሰዎች ነን። የመጨረሻው ማጠቢያ፣ በደብሊን ሾን ማክደርመት መንገድ የነበረው፣ በጥቅምት 1996 ተዘጋ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ በየካቲት 2013 በፓርላማ ቆመው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ።

ከ1996 ወደ 1997 አንድ ዓመት ነው። በደብሊን በዚያ ስም የተጠራው የመጨረሻ በር ሲዘጋ፣ ናሽቪል ውስጥ በዚያው ስም አንድ በር ተከፈተ። ግጥጥሞሽ ነው፤ አንዱ ለአንዱ ብሎ ያደረገው ነገር የለም። እኔ ግን ሁለቱን ዓመቶች ጎን ለጎን ሳያቸው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል ሌሎችም ቤቶች አሉ፤ ጥቂቱን ብቻ ልጥቀስ። በእንግሊዝ አገር ሌዲ ሄንሪ ሶመርሴት በ1895 ሰሬይ በተባለው አውራጃ ዳክስኸርስት በሚባል ስፍራ በመጠጥ ሱስ ለተያዙ ሴቶች መንደር አቋቋሙ። በዚያ ዘመን ሰካራም ሴት ስትገኝ የምትላከው ወደ እስር ቤት ነበር። እሳቸው ግን ትንንሽ ጎጆዎች ሠርተው፣ አትክልት እንዲኮተኩቱ አድርገው፣ ጸሎት ቤት በመካከሉ ተክለው አኖሯቸው፤ ሕፃናትም እንዲኖሩበት አደረጉ። ከትልቅ አዳራሽ ይልቅ ትንሽ ቤት ይፈውሳል የሚለውን ሐሳብ እዚያ ነው የማገኘው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ደግሞ ሲስተር ኢግናሺያ የተባሉ መነኩሲት ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ሆነው ከ1939 ጀምሮ ሱሰኞችን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ማስተኛት ጀመሩ፤ ሆስፒታሎች ሰካራምን እንደ በሽተኛ በማይቀበሉበት ዘመን። ሲስተሯ ታካሚው ሲወጣ ትንሽ የቅዱስ ልብ ምልክት ይሰጡትና ‘ለመጠጣት ከወሰንህ መጀመሪያ ይህን መልስልኝ’ ይሉት ነበር ይባላል።

ከዚያ 1967 ይመጣል። ዴቪድ ዊልከርሰን የተባሉት የጰንጠቆስጤ ፓስተር በ1958 ኒው ዮርክ ገብተው ለወጣት ወንበዴዎችና ለሄሮይን ሱሰኞች ቲን ቻሌንጅ የተባለውን አገልግሎት ከጀመሩ በኋላ፣ የሴቶቹን ሥራ የያዙት ጆንና ኤልሲ ቤንተን ነበሩ። ባልና ሚስቱ ሴቶቹን ከብሩክሊን ጎዳና አውጥተው ሃድሰን ወንዝ አጠገብ ጋሪሰን ወደምትባል መንደር ወሰዷቸው። ቤቱ በታወቀው የጌጣጌጥ ድርጅት በቲፋኒ ሊቀ መንበር ስም ዋልተር ሆቪንግ ሆም ተባለ፤ ዛሬም አለ። በአሜሪካ ‘የእምነት ማገገሚያ ቤት’ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ይህን ዓይነቱን ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ ማጥናት፣ ጸሎት፣ ሥርዓት ያለው ቀን፣ ከቀድሞው ሰፈር መራቅ። ብዙ ሴቶች በዚህ መንገድ ሕይወታቸውን አግኝተዋል። ክርስቶስን መቀበል ራሱ መድኃኒቱ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ቤት ነውና፣ የማታምን ሴት ግን እዚያ የምትይዘው ቦታ ጠባብ ነው።

ወደ ቤካ ስቲቨንስ ልመለስ። አባታቸውም ቄስ ነበሩ፤ ቤተሰቡን ይዘው ናሽቪል የመጡት ቤተ ክርስቲያን ሊተክሉ ነበር። በ1968 ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገጭቶ ገደላቸው። ቤካ ያኔ አምስት ዓመታቸው ነው። እናታቸው አምስት ልጆች ይዘው ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ በልጅቷ ላይ የወሲብ ጥቃት መፈጸም ጀመረ። ይህን ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል፣ በመጽሐፋቸውም ጽፈዋል። መጠጥ አባታቸውን ነጥቋቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የተጎዱባት ቦታ ናት። እሳቸው በ1991 በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቅስና ተቀበሉ። የተጎዳ ሰው ወደ ተጎዳበት ቤት ተመልሶ ቤቱን ሊያስተካክል ሲነሳ ከማየት በላይ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

በጎዳና ላይ ያገኟቸው ሴቶች ታሪክ ከራሳቸው ታሪክ የራቀ እንዳልነበር ይናገራሉ። ድርጅቱ እንደሚለው ወደ ቤቱ የሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ መጀመሪያ የተደፈሩት ከ7 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ጎዳና የወጡት በአሥራዎቹ አጋማሽ። ታዲያ ይህች ሴት በሠላሳ አምስት ዓመቷ ክራክ በተባለው ዕፅ ተይዛ ስትገኝ ‘ምን አደረግሽ?’ ብሎ መጠየቅ ታሪኩን ከመጨረሻው መጀመር ነው። የለንደኑም የደብሊኑም ቤት የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ናሽቪል ላይ ጥያቄው ‘ምን ደረሰብሽ?’ ሆነ።

ለብቻ የሴቶች ቤት ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። ሱስ ሱስ ነው፤ ወንዱንም ሴቷንም ያው ያደርቃል። ነገር ግን ሴቷ ወደ ሕክምና ስትመጣ ብዙ ጊዜ ዕፁን መጀመሪያ የሰጣት ወንድ አብሯት ነው፣ ወይም ደጅ ላይ ይጠብቃታል። ልጅ ካላት ‘ሱሰኛ ነኝ’ ብላ በአፏ መናገሯ ልጇን ሊያስወስድባት ይችላል፤ ስለዚህ ትደብቃለች። ወንድና ሴት በተቀላቀለበት የቡድን ውይይት ላይ ስለ መደፈር ማውራት አትችልም። ይህን ሁሉ ለመረዳት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ሴቶቹን መስማት ይበቃል።

ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው እንቅልፍ ነው። ለዓመታት አንድ ዓይኗን ከፍታ ያደረች ሴት በሩን ራሷ ቆልፋ፣ የራሷ አንሶላ ላይ ትተኛለች። ከዚያ ሐኪም ይመጣል፣ የጥርስ ሐኪም ይመጣል። ጥርስ የሚለውን ቃል ሳያስተውሉ እንዳያልፉት፤ ክራክ ጥርስ ይፈጃል፣ ጥርስ የሌላት ሴት ደግሞ ፈገግ ማለት ታፍራለች፣ ሥራ ፍለጋ መሄድም ታፍራለች። ከዚያ የተጠራቀመ የፍርድ ቤት ቅጣት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ስልኳን የማያነሳ እናት፣ በማደጎ ያለ ልጅ አለ። እነዚህን አንድ በአንድ መፍታት ጊዜ ይፈልጋል። በአሜሪካ በተለመደው ስሌት የሱስ ተኝቶ መታከሚያ ጊዜ 28 ቀን ነው፤ በ28 ቀን ሰውነት ከዕፁ ሊጸዳ ይችላል፣ ሃያ ዓመት የፈረሰ ኑሮ ግን አይገነባም። ማግዳሊን ሁለት ዓመት ያለው ለዚህ ነው።

የሚኖሩበት ሥርዓት ደግሞ ከሩቅ የመጣ ነው። ቤካ ስቲቨንስ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳቱ የጻፈውን ሥርዓተ ማኅበር መነሻ አድርገው፣ ከሴቶቹ ጋር ሆነው ሃያ አራት መንፈሳዊ መመሪያዎች አወጡ፤ በ2008 በመጽሐፍ ታትመዋል። እንግዳ ስለ መቀበል፣ ስለ ይቅርታ፣ አብሮ ስለ መብላት፣ ወድቆ ስለ መነሳት የሚናገሩ ናቸው። ከመጽሐፉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ደራሲዎቹ ናቸው፤ ጽሑፉ የወጣው በሴቶቹም ስም ነው። የደብሊኖቹ ሴቶች ስማቸውን ተነጠቁ፤ እነዚህ በስማቸው መጽሐፍ ጻፉ። ቤቱ ክርስቲያን መሆንን እንደ መግቢያ ዋጋ አይጠይቅም። የእምነቱ ምልክት ቤቱ ነጻ መሆኑ፣ ጥሩ አልጋ መኖሩ፣ ሻማው መብራቱ ነው።

ነገር ግን በ2001 አንድ ግድግዳ ገጠማቸው። ሴቶቹ ዳኑ፤ ሥራ ግን የለም። የወንጀል መዝገባቸው ሲወጣ ቀጣሪ ሁሉ ይመልሳቸዋል። በሃያ ዓመት ውስጥ የያዙት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ የለም። ገንዘብ የሌላት ሴት ደግሞ ወደምታውቀው ገንዘብ ትመለሳለች። ስለዚህ ማንም ካልቀጠራቸው ራሳቸው ቀጣሪ ሊሆኑ ተነሱ፤ ቲስል ፋርምስ እንዲህ ተወለደ። ሻማ፣ የከንፈርና የገላ ቅባት፣ ሽታ ያለው ዘይት መሥራት ጀመሩ።

ለምን አሜከላ? ኦሪት ዘፍጥረት አሜከላን ከእሾህ ጋር የጠራው በእርግማን ቦታ ነው። የእኛ ገበሬ ኮሸሽላ ከሚለው ጋር የሚዛመድ፣ ከብት የማይነካው፣ ሰው ነቅሎ የሚጥለው አረም ነው። በናሽቪል የሚበቅለው ሴቶቹ በቆሙባቸው መንገዶች ዳርና ባዶ መሬቶች ላይ ነው። ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ድርቅን ይችላል፤ በአስፋልት ስንጥቅ ውስጥ ሳይቀር ይወጣል። አናቱ ላይ ያለው ወይን ጠጅ አበባ ሲነካ እንደ ሐር ይለሰልሳል። ሴቶቹ ጓንት አጥልቀው ይለቅሙታል። አምጥተው ከወረቀት ጭቃ ጋር ደባልቀው፣ በወንፊት አንሥተው፣ አድርቀው ወረቀት ይሠሩበታል፤ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ሲይዙት የአሜከላው ቃጫ በውስጡ ተጋድሞ ይታያል። ቅባቱ የሚጠቀለለው በዚያ ነው።

እዚህ ላይ ነው ማርያም እንተ ዕፍረት የምትመለሰው። በመግደላዊት ስም ከተጠሩት ቤቶች የደብሊኖቹ ሴቶቹን ያሠሯቸው አጠባ ነበር፤ የማይጠራ እድፍ እንዳለባቸው ሁሉ እጠቡ ተባሉ። የናሽቪሎቹ ቅባት ቀማሚዎች ሆኑ። ይህን አስበው ያደረጉት ይሁን ለገበያ ሲሉ፣ ለእኔ ልዩነቱ አያሳስበኝም። አንዱ ቤት ኀፍረትን ያዘ፣ ሌላው ዕፍረትን።

ሥራው አደገ። በ2013 ሴቶቹ የሚያስተናግዱበት ካፌ ተከፈተ፤ ከየቦታው ሰዎች የለገሱት የሻይ ስኒ ከነታሪኩ የተሰበሰበበት ቤት ነው። ከሩዋንዳ ሴቶች የጄራኒየም ዘይት ገዙ። ቤካ ስቲቨንስ በ2016 ሲ.ኤን.ኤን. ከመረጣቸው አሥር የዓመቱ ጀግኖች አንዷ ሆኑ። ኒው ኦርሊንስና ሴንት ሉዊስን በመሳሰሉ ከተሞች ይህንኑ አርአያ የተከተሉ ቤቶች ተከፈቱ። ናሽቪል ከእኛም ጋር በዚሁ ሥራ ትገናኛለች፦ ዛሬ ኤብል የሚባለው የዚያች ከተማ የልብስና የቆዳ ድርጅት ሥራውን የጀመረው በአዲስ አበባ ከወሲብ ንግድ የወጡ ሴቶች በሸመኑት የአንገት ልብስ ነው።

በእምነት የቆሙ ማገገሚያ ቤቶችን ስወድ አንድ ነገር ግን አልሸፍንላቸውም። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ለሄሮይንና ለመሰል ዕፆች ሱስ የሚሰጡትን ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉ መድኃኒቶች ‘ሱስን በሱስ መተካት ነው’ ብለው ሲከለክሉ ኖረዋል። መድኃኒቶቹ ግን ሞትን በእጅጉ እንደሚቀንሱ ተረጋግጧል። በተለይ ዕፁን ለወራት ያቆመች ሴት ሰውነቷ ስለማይችለው በቀድሞው መጠን አንድ ጊዜ ብትመለስ ልትሞት ትችላለች። ጸሎትና ክኒን የሚጣሉ አይደሉም። እኛ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ተምረነዋል፤ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ጠበል ሲገቡ ክኒናቸውን እየጣሉ ባለቁበት ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አብሮ ይወሰድ ብለው በአደባባይ አስተማሩ። ያ ቃል ስንት ሰው እንዳተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል።

ጠበልን ካነሳሁ፣ የእኛ አገር ሴት ሱስ ሲይዛት የምትሄድበት የመጀመሪያው ቦታ እርሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሽንቁሩ ሚካኤል፣ ጻድቃኔ ማርያም፣ እንጦጦ። ከጠበሉ አጠገብ ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፣ በቆሎና በበሶ ሱባኤ ይይዛሉ፣ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ሰልፍ ይይዛሉ። አጠገቧ ያለችው የማታውቃት ሴት በሶዋን ታካፍላታለች፣ ስትንቀጠቀጥ ትደግፋታለች። ስሟን እንጂ ያለፈ ሥራዋን የሚጠይቃት የለም። ጫቱንም አረቄውንም እዚያ ትታ የተመለሰች አለች። ሱባኤው ሲያልቅ ግን ከረጢቷን ይዛ መናኸሪያ ትወርዳለች፤ አውቶቡሱ የሚያደርሳት ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ግሮሰሪ ደጅ ነው። የክፍሉን ኪራይ አርባ ቀን የሸፈነላት ዘመድ ሁለት ዓመት ሊሸፍንላት አይችልም። ከጠበሉ ወደ ሰፈሯ ባለው መንገድ ላይ የሚቆም ቤት ቢኖር፣ ጸሎቱንም ጎረቤቱንም ከውጭ ማምጣት አያስፈልገውም ነበር፤ ሁለቱም አሉን። የጎደለው ቤቱና ጊዜው ነው።

ናሽቪል ውስጥ ዛሬ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ፣ በኃላፊነት ላይ ያሉትም ጭምር፣ በዚያው ቤት ያለፉ ሴቶች ናቸው። ስልክ የምታነሳው፣ አዲሷን የምትቀበለው፣ ዘይቱን ስትቀላቅል መጠኑን የምታሳያት እዚያው ሻማ የበራላት ሴት ልትሆን ትችላለች። አዲስ የምትመጣዋ አንድ ፌስታል ይዛ፣ ‘ሕጉ ምንድን ነው?’ ብላ ትጠይቅ ይሆናል፤ ከገባችበት ቤት ሁሉ ያወቀችው ያንን ነውና። አልጋዋን ያሳዩዋታል፣ ማዕድ ቤቱን ያሳዩዋታል። ከዚያ ቁልፉን መዳፏ ላይ ያስቀምጡላታል።